የማን እጅ ነው?

የእህቴ ልጅ የሥዕል ትምህርቷን ጨርሳ ደብረ ታቦር እኔ ዘንድ ከመጣች ሁለት ክረምት አለፈ። ባለፈው ጥር 23 ሥዕሎቿን አስጭና ለአንድ ዐውደ ርእይ ልታስመዘግብ ሄደች። አዘጋጁ ሁሉንም ተራ በተራ አየና «እነዚህን ስንት ሰው ነው የሣላቸው?» አላት። ማታ ስትመለስ «እትየ፣ ከእንግዲህ ብሩሽ አልነካም» ብላ ተኛች። እናቷ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወለች የባንክ የሥራ ማስታወቂያ ታነብላታለች።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ስለ ሥዕል አውቃለሁ አልልም። ነገር ግን የሕመምተኛ ካርድ ማንበብ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ የተለካ ትኩሳት ብዙ አይናገርም። ጠዋትና ማታ እየተለካ በሰንጠረዡ ላይ ሲሰፍር ነው በሽታው መልክ የሚያወጣው። በማግስቱ የሳሎኑን ዕቃ አወጣንና 23ቱንም መሬት ላይ ደረደርናቸው። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ አለ፣ እዚሁ ጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ አለ፣ የፈረንጅ አበባ አለ፣ ምን እንደሆነ ያልገባኝ ክብና ሦስት ማዕዘንም አለ። ሰውየው እውነቱን ነው።

«ለገበያ ብለሽ የሣልሽውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪ» አልኳት። ቀጥሎ ሰው አይታ የቀዳችውን አዞረች። ስድስት ቀሩ። ከስድስቱ በአራቱ ላይ ከኋላዋ የምትታይ ሴት አለች፤ አንዷ ጭራሮ ተሸክማለች፣ አንዷ ልጅ አዝላለች። ልጅቱ ራሷ ይህን ልብ አላለችውም ነበር።

ስማቸው የሚጠራ ሠዓሊዎቻችንን ብናይ አብዛኞቹ አንድ ነገር ይዘው የከረሙ ናቸው። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደላችንን ይዞ ከ40 ዓመት በላይ ሠርቷል፤ ፊደሉን ይሰብረዋል፣ ያስጨፍረዋል፣ አሜሪካ ተቀምጦም አልተወውም። ዘሪሁን የትምጌታ ቀጫጭን የቀርከሃ ዘንጎችን አጋጥሞ በላያቸው ይሥላል፤ ሲያዩት ሽመናም ክታብም ይመስላል። ስሙን ሳያነቡ የማን እጅ እንደሆነ ይታወቃል። የዘሪሁን መምህር የነበረው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ብዙዎች ያልለመዱትን ረቂቅ አሣሣል አመጣ፤ ሲነቅፉትም ገፋበት። በእኛው ጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚማር ተማሪስ ቢሆን ስንት ዓመት አንዱን እየደጋገመ አይደል የሚያስመሰክረው?

አንድ ነገር መያዝ ማለት አንዱን ሥዕል 20 ጊዜ መገልበጥ አይደለም። ልጅቱ ይህን ፈርታ ነበር። ስለዚህ ጥቂት ነገር ወሰንን። የሸራው መጠን ሁለት ዓይነት ብቻ። ቀለሙ የአፈር፣ የአመድና የጋቢ ነጭ፤ ቀለም እዚህ ውድ ስለሆነ ይህ ለኪሷም በጀ። በየሥዕሉ ጀርባ ቁጥርና ቀን ይጻፋል፤ ከመሸጡ በፊትም ፎቶ ይነሣል። ከዚህ በፊት የሸጠቻቸው ምን እንደሚመስሉ ዛሬ ማሳየት አትችልም፤ ያ ያስቆጫል። ዐውደ ርእይ ደግሞ 12 ሳይሞላ አይታሰብም።

«ለምን ጀርባ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ፊታቸውን ሲያዩኝ ያስተካክሉታል፤ ጀርባቸውን አያስተካክሉም» አለችኝ። እኔም በሥራ ዘመኔ ከጉና ሥር ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው የሚያመጡ ሰዎችን አወራኋት። ወንዶቹ ቃሬዛውን ሲሸከሙ፣ እናትየው ስንቁንና የሚወለደውን ልጅ መጠቅለያ አዝላ ከኋላ ትከተላለች። ሲመለሱ በመስኮት የማየው የእሷን ጀርባ ነበር፤ ልጁ በሕይወት መኖር አለመኖሩ ከአካሄዷ ይታወቃል። ልጅቱ ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና ደብተሯን አመጣች።

አሁን ሰባተኛው ላይ ናት። የእናቷ ስልክ አልቆመም፤ እኔ ነኝ እያነሣሁ የምመልሰው። ባለፈው እሑድ ደግሞ አሮጌውን ነጭ ጋዎኔን ከሣጥን አውጥታ አስለበሰችኝና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙራ አቆመችኝ። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ብነግራትም «ትንሽ ብቻ» አለች፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምኩ።