የዝሆን ጥርስ ስለ ምን ይቃጠላል?

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ እዚሁ ማንቡክ በክፍላችን የተነሣ ጥያቄ ነው። መምህራችን፥ መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ በመንግሥት ትእዛዝ መቃጠሉን ሲነግሩን፥ ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛችን እጁን አውጥቶ «ተሸጦ መጽሐፍ አይገዛበትም ነበርን?» አለ። ማታ ለአባቴ ብነግራቸው እርሳቸውም ለልጁ ፈረዱለት። እኔም መልሱን መፈለግ ጀመርሁ።

የዝሆን ጥርስ ቀድሞ ከምዕራቡ ጠረፋችን ከወርቅ ጋር ወደ ሱዳን የሚሻገር ሸቀጥ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ገደማ 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ያህል ይገመት የነበረው የአፍሪካ ዝሆን በዐሥር ዓመት ውስጥ ወደ እኩሌታው ወረደ። በብርቅ አራዊትና ዕፅዋት የሚደረገውን የአገር ለአገር ንግድ የሚቈጣጠረው ስምምነት በ1965 ዓ.ም. በዋሽንግተን ተፈርሞ ነበር፤ ኢትዮጵያም በ1981 ዓ.ም. ገባችበት። በጥቅምት 1982 ዓ.ም. አባል መንግሥታቱ በስዊዘርላንድ ተሰብስበው የአፍሪካን ዝሆን ንግዱ በጥብቅ ከሚከለከልባቸው አራዊት መዝገብ አገቡት።

ታዲያ የተያዘውን ጥርስ መሸጥ ምን ይጐዳል? ይህን የገለጠልኝ በሩቅ ባሕር የሚኖር እንስሳ ነው። ዓሣ ነባሪን አብዛኞቻችን የምናውቀው በነቢዩ በዮናስ ታሪክ ነው፤ ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ አየር የሚተነፍስ፥ ልጁንም የሚያጠባ እንስሳ ነው። ስለ ዘይቱ ሲባል እጅግ ስለ ታደነ፥ በ1939 ዓ.ም. መንግሥታት ተስማምተው አደኑን የሚወስን ኮሚሽን አቋቋሙ። ነገር ግን የሶቪየት መርከቦች ገድለው ከመዝገብ ያጐደሉት 180 ሺህ ያህል እንደ ነበረ ያ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ ተገለጠ። የተፈቀደውና የተሰረቀው ሥጋ አንድ ገበያ ላይ ሲቀርቡ ማን ይለያቸዋል? ኮሚሽኑ በ1974 ዓ.ም. ለንግድ የሚደረገው አደን ሁሉ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲቆም ወሰነ። ኖርዌይ ውሳኔውን ተቃውማ እስከ ዛሬ ታድናለች፤ ጃፓንም በ2011 ዓ.ም. ከኮሚሽኑ ወጥታ ማደኗን ቀጠለች።

የዝሆን ጥርስም እንደዚሁ ነው። ከተቀረጸና ከተወለወለ በኋላ ከየት እንደ መጣ አይናገርም። በ1991 እና በ2001 ዓ.ም. አንዳንድ የደቡብ አፍሪካ ክፍል አገሮች ያከማቹትን እንዲሸጡ ተፈቅዶላቸው ነበር። ሽያጩ ለጥበቃ ገንዘብ አስገኘ የሚሉ አሉ፤ ሌቦች በሕጋዊው ስም ተሸሸጉበት የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ኋለኞቹ አደላለሁ። ከመተከል በስተ ሰሜን ያለው የአልጣሽ ፓርክ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ይዋሰናል፤ ዝሆኑ ድንበር ሲሻገር ማንንም አያስፈቅድም። ስለዚህ የአንዱ አገር ገበያ ለሌላው አገር ዝሆን ጠንቅ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለአባቴ አስረዳኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ይሁን፤ መቃጠሉስ ይቃጠል። የልጁን መጽሐፍ ግን ማን ይግዛ?» አሉኝ። ለዚህ ገና መልስ አላገኘሁም።