ከአውራው ይልቅ እናቲቱን

ለእርባታ በግ የሚመርጥ ገበሬ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው አውራው ላይ ነው። ቁመቱን ያያል፣ ላቱን ይጨብጣል፣ ወገቡን ይዳስሳል። ጥፋት የለበትም፤ የግልገሉ ዘር ግማሹ ከአባቱ ነው። በተወለደ ዕለት ሚዛን ላይ የሚታየውን ክብደት ግን በብዙው የምትወስነው እናቲቱ ናት።

ይህን በጉልህ ያሳየው ሙከራ የተደረገው በፈረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ዋልተንና ሃመንድ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ግዙፉን የሻየር ፈረስና ድንኩን ሼትላንድ አዳቀሉ። ውርሱ በሁለቱም በኩል ያው ቅልቅል ሆኖ ሳለ፣ ከሻየር እናት የተወለደው ውርንጭላ ከሼትላንድ እናት ከተወለደው በክብደት ሦስት እጥፍ ያህል በለጠ። ቆየት ብሎ ደግሞ የትልቁ የሊንከን በግ ሽል በትንሿ የዌልስ ተራራ በግ ማኅፀን ውስጥ እንዲያድግ ተደረገ፤ ግልገሉ በገዛ ዘሩ እናት ሆድ ካደጉት አንሶ ተወለደ።

ምክንያቱ የእንግዴ ልጁ ነው። በግ ስትወልድ የወጣውን የእንግዴ ልጅ ዘርግቶ ያየ ሰው እንደ አዝራር የተበተኑ ቀያይ እብጠቶች ያገኝበታል። የእናትና የጽንስ ደም ሳይቀላቀሉ ምግብና ኦክስጅን የሚለዋወጡት በእነዚህ በኩል ነው። የበግ እርግዝና አምስት ወር ገደማ ነው። የእንግዴ ልጁ አብዛኛውን እድገቱን የሚጨርሰው እስከ ሦስተኛው ወር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ጽንሱ ግን ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። መኖ በመሐል ሲጠፋ መተላለፊያው ይጠባል፤ መጨረሻ ላይ ሲጠፋ ደግሞ የሚያልፈው ነገር ራሱ ያንሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ በግ ገና ራሷም እያደገች ስለሆነ ግልገሏ ቀለል ይላል። መንታም እንዲሁ፤ ማኅፀኑንም ምግቡንም ይሻማል።

ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ላይ ይህ የክብደት ልዩነት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ግልገሏም ሲወለድ ከሁለት ኪሎ ተኩል ብዙም አያልፍም። የሚወለደው ደግሞ ሌሊቱ በሚቆረጥመው ደጋ ነው። አዲስ ግልገል ሰውነቱን የሚያሞቀው ይዞት በመጣው ቡናማ ስብ ነው፤ ከስቶ የተወለደ ስንቁ ትንሽ ነው። ቆሞ ጡት ለመፈለግም አቅም ያንሰዋል፤ እንገሩን በቶሎ ካላገኘ ደግሞ በሽታ መከላከያ አይኖረውም፤ የበግ እናት ይህን በእንግዴ ልጁ በኩል አታስተላልፍምና። ስለዚህ ፋጉሎ ወይም ድርቆሽ ያለው አርቢ ለሁሉም እኩል ከማደል፣ መውለጃዋ ለተቃረበው ቢያስቀድም ይሻላል። አውራው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር በሚውልበት ቤት ግን የትኛዋ መቼ እንደምትወልድ ማወቅ ይቸግራል። የተጠቃችበትን ቀን መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ክብደት ሲበዛም ችግር አለው፤ ጽንሱ ከእናቲቱ ዳሌ ከበለጠ ምጡ ይከብዳል። በተለይ ትንሽ እናትን ከትልቅ ዘር አውራ ጋር የሚያዳቅል ይህን መርሳት የለበትም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያዩት ነው። በእርግዝናዋ አጋማሽ ላይ የተሸለተች በግ ብዙ ጊዜ ከበድ ያለ ግልገል ትወልዳለች። የመንዝ በግም ፀጉሯ ተሸልቶ ባና ይሠራበታል፤ ቢሆንም ዘዴውን እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ጥቅሙ የሚታየው በጓ በገላዋ ስብ፣ በግጦሹም ሣር ሲኖራት ነው፤ ገለባ ብቻ እየበላች የከሳችን እናት በደጋ ብርድ መሸለት ግን እሷንም ጽንሱንም ይጎዳል።