ለሩቅ ቀበሮ የቱ ጠመንጃ? ስለ ጥይት፣ ስለ ባሩድና ስለ ቀበሮ የሚወራው ተረትና እውነታው

እንሳሮ ወረዳ፣ ለሚ ከተማ ዳር ቆሞ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ያየ ሰው ርቀት ዐይንን እንዴት እንደሚያታልል ያውቃል። ከወዲያ ማዶ ተረተር ላይ የምትግጥ ፍየል እጅ ቢዘረጉ የምትነካ ትመስላለች። እሷ ዘንድ ለመድረስ ግን ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ አቀበቱን መውጣት አለ።

እንሳሮ የሚገኝበት ሰሜን ሸዋ ከጠመንጃ ጋር የቆየ ትውውቅ ያለው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ አንኮበር ካመጣው ስጦታ ውስጥ 300 ጠመንጃ ነበረበት። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦም ግጥሙን ትቶ ነጋዴ በሆነበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ፣ ሁለት ሺህ ገደማ ያረጀ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ አንኮበር ደርሷል። ገዢው ምኒልክ ግን በዚያን ጊዜ አንኮበር አልነበሩም። መሣሪያ እንዲህ በከረመበት አገር ወሬውም አብሮ ይከርማል፤ በግ የነጠቀ ቀበሮ ከማዶ በታየ ቁጥር «የእገሌ ምንሽር ቢኖር» ይባላል።

አሜሪካኖች ኮዮቴ የሚሉት የቀበሮ ዘመድ አላቸው። እሱን ከ300 እና ከ400 ሜትር ለመምታት ጠመንጃ መምረጥና ጥይትን በገዛ እጅ መሙላት እዚያ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። እነሱ በሚዛንና በፍጥነት መለኪያ ያጣሩትን ይዘን የእኛን አገር ወሬ ብንፈትሸው ብዙው አይቆምም።

«ጥሩ ጠመንጃ ጥይቱን ቀጥ አድርጎ ይሰዳል፤ እርሳሱ ሲከብድ ደግሞ ይርቃል»

ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጥይት የለም። ጥይት ከአፈሙዝ ከወጣባት ቅጽበት ጀምሮ ይወድቃል፤ ከእጅ እንደተለቀቀ ጠጠር ያህል ይወድቃል። ጥይቱ መጀመሪያ ሽቅብ የሚነሳ የሚመስለው ማነጣጠሪያው በርሜሉን በጥቂቱ ቀና አድርጎ ስለሚያስይዘው ብቻ ነው። ስለዚህ ወሳኙ ጥይቱ ዒላማው ጋ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ጊዜው ካጠረ የሚወድቅበት ፋታ አያገኝም።

አባቶቻችን የተዋጉበት ዋጂግራ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይወረውራል። 300 ሜትር ለመድረስ ከሰከንዱ አራት አምስተኛውን ያህል ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ሦስት ሜትር ያህል ወርዷል። የክላሽ ጥይት 8 ግራም ገደማ ነው፣ በሰከንድ 715 ሜትር ይነሳል፤ በዚያው ርቀት ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። የኮዮቴ አዳኞች ከሚወዷቸው አንዷ፣ 22-250 የሚሏት፣ ከ4 ግራም በታች የምትመዝን ጥይት በሰከንድ 1100 ሜትር ገደማ ትሰዳለች፤ የእሷ መውረድ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ከሦስቱ ቀላሏ ናት ቀጥ ወዳለው መንገድ የምትቀርበው። ከባድ እርሳስ ለጎሽና ለዝሆን የሚፈለገው ጠልቆ እንዲገባ ነው፤ አሥር ኪሎ ገደማ ለሚመዝን እንስሳ ያ ሁሉ እርሳስ ምን ይሠራል?

ነፋስ ግን ለማንም አያዳላም። በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ፣ ማለትም ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ሳያቋርጥ የሚያወዛውዝ ዐይነቱ፣ በ300 ሜትር የክላሽን ጥይት ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ፈጣኗንም 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ገደል አፋፍ ላይ ነገሩ ይብሳል። ቀን ፀሐይ ሸለቆውን ስታሞቀው አየሩ ገደሉን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል፤ ተኳሹ የቆመበት ጋ የረጋ አየር መኻል ሸለቆው ላይ የረጋ ላይሆን ይችላል።

«ወደ ገደል ስትተኩስ ከፍ አድርገህ አልም፤ ቁልቁለት ጥይት ይስባል»

ይህ ወሬ በደጋው ጫፍ በሙሉ የሚሰማ ነው፤ እውነታውም ግልብጡ ነው። ቁልቁልም ተተኮሰ ሽቅብ፣ ጥይቱ የሚያርፈው ከታሰበው በላይ ነው። ስበት የሚቆጥረው በአየር ላይ ያለውን የአግድሞሽ ርቀት እንጂ ዐይን የሚለካውን አይደለም። በ45 ዲግሪ ቁልቁል 300 ሜትር ላይ ያለ ዒላማ ለጥይት መውረድ ሲሰላ 212 ሜትር ላይ እንዳለ ይቆጠራል፤ በ30 ዲግሪ ከሆነ 260። ስለዚህ «ቁልቁለት ይስባል» ብሎ ከፍ ያደረገ ሰው ስህተቱን ደርቦ ነው የሚስተው። በጀማ ገደሎች ብዙ ጥይት የሚስተው ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚህ ላይ ከፍታ ይጨመራል። በ2500 ሜትር ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ጓሳ መንዝ ላይ ከ3200 ሜትር በላይ ሲወጣ ይበልጥ ይሳሳል። የሳሳ አየር ጥይትን ብዙ አይዘውም፣ በሩቅ ርቀት የሚወርደውም ያንሳል። ቆላ ላይ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ ደጋ ላይ በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ይመታል። ይህ በ100 ሜትር አይታወቅም፤ በ400 ግን ይታወቃል።

እዚህ ላይ ማንም የማይነግርህ ሌላ ነገር አለ። ዒላማውን የሳተ የክላሽ ጥይት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። ከለሚ አፋፍ በታች ባዶ ገደል የለም፤ ማሳ አለ፣ ውሃ የምትቀዳ ሴት አለች፣ እረኛ አለ፣ ጭላዳ አለ። ጀርባው ምን እንደሆነ ያልታወቀ ዒላማ ላይ ቃታ መሳብ የማን ሙያ እንደሆነ አላውቅም፤ የአዳኝ ግን አይደለም።

«ማነጣጠሪያው 800 ይላል፤ ስለዚህ 800 ይመታል»

ቁጥሩ የተጻፈው ለቡድን ተኩስ ነው። በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ክላሽ እንኳ በ300 ሜትር ጥይቶቹን 35 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ይበታትናቸዋል፤ የቀበሮ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ደግሞ ከአንድ መዳፍ ብዙ አይበልጥም። ቆስሎ ያመለጠ እንስሳ የትም ወድቆ በስቃይ ይሞታል።

ረጅም በርሜል ፍጥነት በመጠኑ ይጨምራል፤ ዒላማ ግን አይጨምርም። ለዒላማ የሚጠቅመው በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጥምዝ ቦይ ያልተበላ መሆኑና የአፈሙዙ ጠርዝ ያልተነካ መሆኑ ነው። ቦዩ የተበላ ረጅም ቤልጅግ፣ ቦዩ ደህና በሆነ አጭር ይበለጣል።

«ባሩድ የበዛበት ጥይት ሩቅ ይሄዳል»

ጥይት በእጅ መሙላት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የዋጂግራ ቀለህ በገበያ እንደ ገንዘብ የተመነዘረበት ዘመን ነበር። የተተኮሰ ቀለህም አይጣልም ነበር፤ በአገር ባሩድና በቤት በተቀለጠ እርሳስ ተሞልቶ ይመለስ ነበር። ያ ዘመን ያስቀረው እምነት ነው እንግዲህ ዛሬም አደገኛ የሆነው፦ ቀለሁ እስኪሞላ ባሩድ መጨመር።

የጥንቱ ባሩድ ጥቁሩ ነው፤ ዋጂግራም ለእሱ የተሠራ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሲያገኝ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ሁለቱ መልካቸው ቢመሳሰልም ጠባያቸው ሌላ ነው። ጭስ አልባው በጥቁሩ ልክ ተሰፍሮ አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ ከገባ መዝጊያውን ሰብሮ በተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። ከፈነዳ በኋላ ምክር የለም።

ኮዮቴ አዳኞች ጥይታቸውን የሚሞሉት ጉልበት ፍለጋ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። የሚፈልጉት መመሳሰል ነው። ባሩዱን በግራም መቶኛ ደረጃ ይመዝናሉ፣ ቀለሆቹን አንድ ቁመት ላይ ይቆርጣሉ፣ እርሳሶቹን ያመዛዝናሉ፤ ሁሉም ጥይት በአንድ ፍጥነት እንዲወጣ። ብዙ ጊዜ የሚረጉበት መጠን መመሪያው ከሚፈቅደው ጣሪያ ያነሰ ነው፤ የበለጠ የሚሰበሰበው ጥይት እዚያ ነው የሚገኘውና። የምሥራቁን አገር የክላሽ ቀለህ ግን እነሱም ይተዉታል፤ አብዛኛው ብረት ነው፣ የካፕሱሉ አቀማመጥም እንደገና ለመሙላት አይመችም።

በአገራችን ደግሞ ነገሩ ከዚህ በፊት ሕግ ላይ ይቆማል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መያዝንም፣ ማምረትንም ይከለክላል። በጓሮ ጥይት መሙላት «የአባቶች ሙያ» ስለሆነ አይታለፍም።

«ጠመንጃ ውሃ አይወድም»

ግማሹ እውነት ነው። የድሮ ጥይት ካፕሱል ሲቀጣጠል በበርሜሉ ውስጥ የጨው ዘር ትቶ ይሄዳል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ብረት ይበላል። ዘይት ይህን ጨው አያሟሟም። የተቀባ ጠመንጃ ውስጡ ዝጎ የሚገኘው ለዚህ ነው፤ ጨው ላይ ዘይት ተደፍቶበት። ጨው የሚወጣው በውሃ ነው፦ በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ከዚያ በኋላ ዘይት። ብዙ አሮጌ ጠመንጃ ከጥይት ብዛት ይልቅ በዚህ ስህተት ቦዩ ጠፍቷል።

«ቀበሮ ሁሉ በግ በሊታ ነው፤ ብዙ ከተገደለ ያልቃል»

ጠመንጃ መምረጡ ሁሉ መጨረሻው እዚህ ላይ ነው፤ ከማነጣጠሪያው ወዲያ ያለው ማነው?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ቀበሮ መሰል አራዊት አሉ። አንዱ ግራጫማ ቢጫ፣ ጀርባው ጠቆር ያለው፣ በአንዳንዱ አካባቢ ተኩላ የሚባለው ነው። ይህን የአፍሪካ እንስሳ ሳይንስ ለብዙ ዘመን ከእስያው ጃክል ጋር አንድ አድርጎ ቆጥሮት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘር ምርመራ ግን ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን አሳየ። ሁለተኛው ቀይ ቀበሮ ነው፦ ደማቅ ቀይ፣ አንገቱና ሆዱ ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ አፉ ሾጣጣ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም። ዋናው መኖሪያው ባሌ ነው፤ ከሰሜን ሸዋ ደግሞ ጓሳ መንዝ፣ የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ሲጠብቀው የኖረው የሳር መሬት።

ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአይጥ ነው። ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ጭላዳ መንጋ መኻል ገብቶ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ከአራት አንዱ። ጭላዳዎቹ ሕፃናት ይዘው አጠገቡ እያለፉ አይሸሹትም። ግልገል በግ አይነካም ማለት አይደለም፤ አልፎ አልፎ ይወስዳል። በአካባቢው ለሚጠፋ በግ ግን ተጠያቂነቱ በአመዛኙ የግራጫው ቀበሮና የጅብ ነው።

ሁለቱን በ50 ሜትር መለየት ቀላል ነው። በ300 ሜትር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ቀይ ቀለም ሁሉ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ሩቅ መቺ ጠመንጃ ለሰው የሚሰጠው ችሎታ እንግዲህ ያልለየውን እንስሳ መግደል ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ለሁለቱም ይከለክላል።

«ይጨረሱ» የሚለውን አሜሪካኖች ሞክረውታል። በመንግሥት እጅ ብቻ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኮዮቴ ይገደላል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ስሌት በየዓመቱ 70 በመቶው ቢገደል እንኳ ቁጥሩን መልሶ እንደሚተካ አሳይቷል። የተረፉት ብዙ ይወልዳሉ፣ ባዶ የቀረውን መሬት ሌሎች ይይዙታል። ኮዮቴ ዛሬ ከመቶ ዓመት በፊት ባልነበረበት ብዙ ቦታ አለ። ቀይ ቀበሮ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንድ መንጋ ከጠፋ የሚተካው ጎረቤት የለውም።

የእሱ ትልቁ ገዳይ ጥይት አይደለም፤ የቤት ውሻ የሚያመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ደጋግሞ ገብቶ መንጋ ሙሉ ጨርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በስጋ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት የተጀመረው ለዚህ ነው። ያው በሽታ ሰውንና ከብትንም ይገድላል።

ስለዚህ በጉ ለሚጠፋበት የለሚና የመንዝ ገበሬ የሚያዋጣው በማታ የሚዘጋ ጥብቅ በረት፣ ከመንጋው የማይለይ እረኛና የተከተበ ውሻ ነው። ጉዳቱ ከበዛ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይነገር። ውሻዎን ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ያስከትቡ።