መከራ ሁሉ ያድናልን?

ሰው ታሞ በተኛ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀው ይገባል፤ ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ከጠያቂዎቹ አንዳንዱ ከደጅ ሲወጣ «የአባቱ በደል ነው ያገኘው» ይላል፤ ሌላውም «ተዉት፥ መከራው ያጸድቀዋል» ይላል። በሽንዲም በቡሬም በፍኖተ ሰላምም ይህን ያልሰማ ጆሮ አይገኝም። ሁለቱም ቃል ከመጽሐፍ የተወሰደ ይመስላል፤ ሁለቱም ግን የመጽሐፍ ትምህርት አይደለም።

ስለ ፊተኛው ብዙ መናገር አያሻም። የኢዮብ ሦስቱ ወዳጆች የነገሩት ይህንኑ ነበር፤ በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቈጣው በእነርሱ ላይ ነው፤ ስለ እነርሱም የጸለየላቸው ያው የነቀፉት ኢዮብ ነው። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ጌታን በጠየቁት ጊዜ፥ የዕውርነቱ ምክንያት የእርሱም የወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሆነ ነገራቸው። ወዲያውም በምራቁ ጭቃ ለውሶ ዐይኑን ቀባው።

ሁለተኛው ቃል ግን የከበደ ነው፤ ግማሹ እውነት ነውና። መዳናችን በመከራ ሆኗል፤ ነገር ግን በማን መከራ? ይህን ጥያቄ ከአሕዛብ ምድር መጥቶ የጠየቀ ሰው በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ ተጽፎልናል፤ እርሱም የንግሥት ህንደኬ ባለሟል የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነው። (የታሪክ ጸሐፊዎች ህንደኬ በኑብያ ምድር የመርዌ ንግሥቶች ማዕርግ ነው ይላሉ፤ አበው ደግሞ ጃንደረባው የእኛ ሰው ነው ይላሉ። ክርክሩን ለሊቃውንት እንተወው።) ይህ ሰው በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ፥ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ ያነበበውም ያለ በደሉ ተፈርዶበት አንዳች ሳይመልስ ወደ ሞት ስለ ተወሰደው ሰው ነው። ፊልጶስ በቀረበው ጊዜ፥ ነቢዩ ይህን የተናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ብሎ ጠየቀው።

ጥያቄው እጅግ የጠለቀ ነው። ነቢዩ ስለ ሰው ሁሉ መከራ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ፥ ቍስል ሁሉ፥ ንዳድ ሁሉ፥ ረኃብ ሁሉ የኃጢአት ዋጋ መክፈያ በሆነ ነበር። ፊልጶስ ግን ከዚያው ንባብ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ አስተማረው፤ ስለ ሁሉ የተቀበለው የአንዱ መከራ እንደ ሆነ ነገረው። ባለሟሉም ውኃ ባየ ጊዜ ተጠመቀ፤ ደስ እያለውም መንገዱን ሄደ። ፊልጶስ አስቀድመህ ይህን ያህል ቀን ተሠቃይ ብሎ አላዘዘውም።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህንኑ በሰሙነ ሕማማት ታስተምራለች። ግብረ ሕማማት ይነበባል፤ ሰው ከሰው አይሳሳምም፤ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ይበላል፤ በዓርብ እስኪመሽ ይሰገዳል፤ ካህኑም በወይራ ቅጠል ጀርባን እየነካ ስግደት ያዛል። ጕልበቱ እስኪዝል የሰገደ ሰው ስግደቱን የመዳኑ ዋጋ አድርጎ ቢቈጥረው ግን፥ ቀኑን ሙሉ ሲነበብ የዋለውን አልሰማም። በቅዳሜ ጧት ካህናቱ ቄጤማ ሲያድሉ የሚያበሥሩት ክርስቶስ በመስቀሉ ያደረገውን ሰላም ነው።

ሰው ስለ እውነት መከራ የሚቀበልበት ጊዜ እንዳለ አይካድም። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጣልያን ጥይት የሞቱት፥ አርበኞችን ያውግዙ ቢባሉ እምቢ ስላሉ ነው። ሞትን ፈልገው አልሄዱም፤ ሐሰትን እምቢ አሉ፥ ሞትም በዚያ ምክንያት መጣ። በወባ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ግን ስለ ማን መሰከረ? መድኃኒት ቢከለከል ሰማዕት አይሆንም፤ ይሞታል እንጂ። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. መካከል በወረደው የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ 150,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጀው ከቢንቢ ንክሻ የመጣ በሽታ ነው፤ ይህን የጽድቅ መንገድ ብሎ መጥራት በሙታን ላይ መቀለድ ይመስለኛል።

በዘመናችንም በኤች አይ ቪ ከታመሙት መካከል ወደ እንጦጦ ጠበል ወጥተው መድኃኒታቸውን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ለሕዝቡ ተናገሩ። ይህ አዲስ ትምህርት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ፥ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዛል፤ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይናገራል፤ የታመመውም እንዲጸልይ፥ ደግሞም ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል።

ስለዚህ ከወንበርማ ደጋ ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ወይም ልጁ ንዳድ ቢይዘው፥ ጠያቂዎቹ ስለ አባቱ በደል ከሚያወሩ ቃሬዛ ያዘጋጁ። ወባ የያዘው ሕፃን በአንድ ቀን ውስጥ መድኃኒት ቢያገኝ ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ ቢዘገይ ግን በሽታው ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል።