ባለቤቱ ቢለወጥም የማይሻር ቃል ኪዳን

በኒውዚላንድ በግል ይዞታ ውስጥ የሚገኝን ጫካ ወይም ረግረግ ለዘለቄታው ለመጠበቅ የሚያገለግለው ዋነኛ መሣሪያ የጥበቃ ቃል ኪዳን ሲሆን፣ ይህም የመሬቱ ባለቤት ይዞታውን ሳይሸጥና ሳይለቅ፣ በተከለለው ቦታ ዛፍ ላለመቁረጥ፣ ከብት ላለማሰማራትና ቤት ላለመሥራት የሚገባው ውል ነው። ከባለቤቱ ጋር የሚዋዋለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣ ሕግ የተቋቋመውና በዳግማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ስም የተሰየመው ብሔራዊ የአደራ ተቋም ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ በማይሸጥበት በኢትዮጵያ ላለ አንባቢ ይህ አሠራር እንግዳ ቢመስልም፣ መሬት እንደ ማንኛውም ሀብት በሚሸጥበት አገር ግን ጥበቃው ከሽያጩ ተርፎ የሚዘልቅበት መንገድ ካልተገኘ በቀር የአንድ ባለቤት በጎ ፈቃድ ከዕድሜው አያልፍም።

ችግሩ ጎልቶ የወጣው በ1970ዎቹ ነው። መንግሥት ገበሬው ጫካውን መንጥሮ የግጦሽ ሣር እንዲዘራና በጎቹን እንዲያበዛ በብድርና በድጎማ ያበረታታ ስለነበር፣ ጫካውን ሳይነካ ያቆየ ገበሬ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ባለቤት እንደማይመነጥረው ምንም ዋስትና አልነበረውም። ለተቋሙ መመሥረት ከተሟገቱት አንዱ የዋይካቶው ገበሬ ጎርደን ስቲቨንሰን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የመጀመሪያው ቃል ኪዳን የተመዘገበውም በእርሱ እርሻ ላይ ነው። ዛሬ የቃል ኪዳኖቹ ቁጥር ከ4,500 በላይ ደርሷል።

የሕጉ ብልሃት መታየት ያለበት ከቀድሞው የእንግሊዝ የመሬት ሕግ ጋር ተነጻጽሮ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት በአንድ መሬት ላይ የተጣለ ክልከላ ተከታዩን ገዢ የሚያስገድደው በመርሕ ደረጃ ከክልከላው የሚጠቀም ሌላ መሬት በአጠገቡ ሲኖር ብቻ ነበር፤ ጫካው ሳይቆረጥ የሚጠቀመው ግን አንድ ጎረቤት ሳይሆን ወፉም፣ ወንዙም፣ ገና ያልተወለደውም ትውልድ ነው። የ1977ቱ ሕግ ይህን ቅድመ ሁኔታ በማንሳቱ፣ በመሬት መዝገብ ላይ የሰፈረው ቃል ኪዳን መሬቱ በውርስም ሆነ በሽያጭ በተላለፈ ቁጥር አብሮ ይተላለፋል፤ አዲሱ ባለቤትም ባልፈረመው ውል ይገደዳል።

ይሁን እንጂ መዝገብ ላይ የሰፈረ ጽሑፍ ከብት አይመልስም። እንደ ሪሙና ቶታራ ያሉት አገር በቀል ዛፎች ለዘመናት ስለሚኖሩ፣ ከብት የሚገባበት ጫካ ከሩቅ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ግን መሬቱ በኮቴ ተደልድሎ፣ ችግኙ ከበቀለበት ተግጦ፣ አሮጌዎቹ ዛፎች ያለ ተተኪ ቆመው ይታያሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ የአጥር ወጪ ነው፤ ተቋሙ ከፊሉን ይሸፍናል፣ ባለቤቱም ድርሻውን ያወጣል፣ አንዳንዴም የአካባቢው ምክር ቤት ያግዛል። ከዚያ በኋላ አጥሩን መጠገን፣ አረሙን መንቀልና ፖሰም የተባለውን ቅጠል በል መጤ እንስሳ ማጥመድ በዋናነት የባለቤቱ ሸክም ስለሆነ፣ ለእነዚህ ገበሬዎች የሚሰጠው ምስጋና ከሚገባቸው እጅግ ያንሳል።

ተቋሙ በበኩሉ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ተወካይ ልኮ ቦታውን ያስጎበኛል፣ ሲያስፈልግም ፍርድ ቤት ይቆማል። በኮሮማንዴል ልሳነ ምድር ቃል ኪዳን ያለበትን መሬት የገዛ አንድ ኩባንያ የቃል ኪዳኑን ጽናት ተቃውሞ ያቀረበው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘልቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ፍርዱ ለተቋሙ ሆኗል። እንዲህ ያለው ሙግት ዓመታት የሚፈጅና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢሆንም፣ አንዴ ችላ የተባለ ጥሰት የሌሎቹን ቃል ኪዳኖች ሁሉ ክብደት ስለሚያቀል መሸሽ አይቻልም።

የአሠራሩ ደካማ ጎን ያለው ገንዘቡ ላይ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ቃል ኪዳን ማብቂያ የሌለው የጉብኝትና የጥብቅና ግዴታ ሲያስከትል፣ የተቋሙ ገቢ ግን በአብዛኛው ከመንግሥት በጀት የሚመጣ በመሆኑ ዘላለማዊ ግዴታ በየጊዜው በሚወሰን ገንዘብ ላይ ያርፋል። ተመሳሳይ ውል የሚዋዋሉ በርካታ የአሜሪካ የመሬት አደራ ማኅበራት ውሉን ሲቀበሉ ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ ለዓመታዊ ጉብኝት የሚውል ገንዘብ ከለጋሾች፣ ብዙ ጊዜም ከራሱ ከባለመሬቱ ሰብስበው ያስቀምጣሉ፤ ለሙግት ወጪ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ቴራፈርማ በተባለ የጋራ መድን ተሰባስበው፣ በአንዱ ላይ የሚመጣውን ክስ በጋራ መዋጮ ይመክታሉ።