የ«ቡል ሙስ» ቅጽል ስም፦ አመጣጡና አገልግሎቱ

የአሜሪካ ዴሞክራቲክ ፓርቲ አህያና የሪፐብሊካን ፓርቲ ዝሆን የታወቁ መለያዎች ናቸው። ሁለቱም ከፓርቲዎቹ መሪዎች አንደበት የወጡ አይደሉም። አህያው በ1828 እ.ኤ.አ. ምርጫ ተቀናቃኞች አንድሩ ጃክሰንን ከዘለፉበት ስም የመነጨ ነው፤ ዝሆኑን ደግሞ ከ1874 ጀምሮ ያስለመደው የካርቱን ሠዓሊው ቶማስ ናስት ነው። በ1912 የተመሠረተው ፕሮግሬሲቭ (ተራማጅ) ፓርቲ ግን «ቡል ሙስ» የተሰኘውን ቅጽል ስም ያገኘው ከገዛ መሪው ንግግር ነው። ይህ ልዩነት የስሙን ጥንካሬም ድክመትም ያስረዳል።

ሙስ በሰሜኑ ቀዝቃዛ ደኖች የሚኖር፣ ከአጋዘን ወገን በግዝፈቱ አቻ የሌለው እንስሳ ሲሆን፣ «ቡል ሙስ» ማለት ወንዱ ነው። ቴዎዶር ሩዝቬልት ለምክትል ፕሬዚዳንትነት በተወዳደረበት በ1900 ለሪፐብሊካኑ መሪ ለማርክ ሃና በጻፈው ደብዳቤ ብርታቱን በዚህ እንስሳ መስሎ ነበር። በ1912 የሪፐብሊካን ጉባኤ ዊልያም ታፍትን ሲያጭ ሩዝቬልት ከደጋፊዎቹ ጋር ተለይቶ አዲስ ፓርቲ መሠረተ። ያንኑ ምሳሌ ለጋዜጠኞች በመድገሙም ስሙ ወደ ፓርቲው ተላለፈ።

ጋዜጦችና የካርቱን ሠዓሊዎች ሙሱን ከአህያውና ከዝሆኑ ጎን አቆሙት። ኦክቶበር 14 ቀን 1912 ሩዝቬልት በሚልዋኪ በጥይት ተመትቶ፣ ጥይቱ ደረቱ ውስጥ እንዳለ ንግግሩን አደረገ፤ ቡል ሙስን ለመግደል ይህ እንደማይበቃም ለሕዝቡ ተናገረ። በዚህም ቅጽል ስሙ ከመሪው አካል ጋር ፈጽሞ ተዋሐደ።

የፓርቲው መርሐ ግብር የሴቶችን የመምረጥ መብት፣ የስምንት ሰዓት የሥራ ቀንንና ማኅበራዊ መድንን ያካተተ ነበር። ስሙ ግን ከእነዚህ አንዱንም አያመለክትም፤ የሚያስታውሰው የአንድን ሰው ጉልበት ብቻ ነው። በምርጫው ሩዝቬልት 27 በመቶ ያህል የሕዝብ ድምፅና 88 የወካይ መራጮች ድምፅ አግኝቶ ታፍትን ቢበልጥም፣ በዉድሮ ዊልሰን ተሸነፈ። በ1916 የፓርቲውን እጩነት አልቀበልም ብሎ የሪፐብሊካኑን እጩ ሲደግፍ ፓርቲው ፈረሰ።

አህያውና ዝሆኑ የማንም መሪ የግል መገለጫ ሆነው ስላልቀሩ ብዙ መሪዎችን አሳልፈዋል። ሙሱ አዲሱን ፓርቲ በጥቂት ወራት ውስጥ ለአገር አስተዋውቋል፤ ባለቤቱ ሲለየው ግን የሚወርሰው አላገኘም።