አንደበቱን የተነጠቀው ጭራቅ

ጠፍጣፋ አናት፣ ከአንገቱ ግራና ቀኝ ብቅ ያሉ ብረቶች፣ ከባድ ጫማ፣ ያጠረ የኮት እጅጌ። ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳ ይህን መልክ ያውቀዋል። ብዙዎች ፍራንከንስታይን ይሉታል፤ ይህ ግን የሠራው ሳይንቲስት ስም ነው። ለፍጡሩ ስም ያወጣለት የለም።

ሜሪ ሼሊ ታሪኩን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1816 በጄኔቫ ሐይቅ ዳርቻ፣ በ18 ዓመቷ ነው። መጽሐፉ በ1818 ለንደን ውስጥ ያለ ደራሲ ስም ታተመ። በልቦለዱ ውስጥ ፍጡሩ አንደበተ ርቱዕ ነው። ከአንድ ቤተሰብ ጎጆ ጎን ተደብቆ ቋንቋ ይማራል፣ የሚልተንን ግጥም ያነብባል፣ ለምን ፈጥሮ እንደጣለው ፈጣሪውን ፊት ለፊት ይሞግተዋል።

ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ በ1931 ወደ ፊልም ሲያመጣው ይህን አንደበት ነጠቀው። ማጉረምረምና መጮህ ብቻ ቀረለት። በመጽሐፉ የሌለ ፍሪትዝ የሚባል ረዳት ተጨመረ፤ እሱም የወንጀለኛ አንጎል ሰርቆ ያመጣል። የፊልሙ ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ክፋቱን አብሮት የተፈጠረ ያስመስለዋልና። ሜሪ ሼሊ የጻፈችው ክፉ ያደረገው የሰው ጭካኔ መሆኑን ነው።

ደግነቱ ተዋናዩ ቦሪስ ካርሎፍ ያን ስህተት በፊቱና በእጆቹ አረመው። የጣሪያው መስኮት የሚከፈትበትን ትዕይንት የፊልሙ ወዳጆች ደጋግመው ያነሱታል። ፍጡሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀን ብርሃን ያያል። ቀስ ብሎ ቀና ይላል፤ ብርሃኑን ሊጨብጥ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ይዘረጋል። መስኮቱ ሲዘጋበት እነዚያኑ እጆች እንደ ለማኝ ወደ ፈጣሪው ይዘረጋቸዋል። መጽሐፉ በብዙ ገጾች የሚተርከው የተጣለ ልጅ ሐዘን እዚህ ያለ አንዲት ቃል ይታያል።

ካርሎፍ ያን ጊዜ ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ለዓመታት በትናንሽ ሚናዎች የኖረ እንግሊዛዊ ነበር። በፊልሙ መክፈቻ ላይ በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሰፈረ። የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ በየቀኑ ለሰዓታት ይሠራበት ነበር። ጉንጩ ጎድጎድ እንዲል ካርሎፍ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አወለቀ፤ ዓይኖቹ ከእንቅልፍ ያልነቁ እንዲመስሉ የዓይኑ ቆብ ላይ ሰም ተደረገ።

በፊልሙ ውስጥ ሐይቅ ዳር የሚሆን ትዕይንትም አለ። ማሪያ የምትባል ትንሽ ልጅ ሳትፈራው አበባ ትሰጠዋለች፤ አበባውን ውሃው ላይ እየጣሉ ሲንሳፈፍ ያያሉ። አበባው ሲያልቅበት እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ይጥላታል። ሳንሱር ይህን ቆረጠው። ተመልካች ፍጡሩ እጁን ወደ ልጅቷ ሲዘረጋ አይቶ፣ ቀጥሎ አስከሬኗን አባቷ ተሸክሞ ሲመጣ ያያል፤ በመሃል የሆነውን ከእውነቱ የከፋ አድርጎ መገመት ይቀላል። የተቆረጠው ወደ ቦታው የተመለሰው ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

በ1957 የዩኒቨርሳል የድሮ አስፈሪ ፊልሞች ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሸጡ። ፊልሞቹ ሲሠሩ ያልተወለዱ ልጆች ሌሊት እያመሹ ወደዷቸው፤ በዓመቱ ፎረስት አከርማን የሚያዘጋጀው የጭራቅ ፊልሞች መጽሔት ወጣ። ይህ ፍቅር ከአሜሪካም ውጭ ሥር ሰዷል። ካርሎፍን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደው ሜክሲኳዊው ዳይሬክተር ጊየርሞ ዴል ቶሮ በ2025 የራሱን ፍራንከንስታይን አቀረበ፤ በእሱ ፊልም ፍጡሩ ይናገራል።

መጽሐፉን አንብበው የ1931ዱን ፊልም የሚንቁ አሉ። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ግን መጽሐፍን ቃል በቃል መከተል ብቻውን ጥሩ ፊልም አያደርግም። ዳይሬክተሩ ጄምስ ዌል ራሱ በ1935 «የፍራንከንስታይን ሙሽራ»ን ሲሠራ ለፍጡሩ ጥቂት ቃላት መልሶለታል፤ የሚያስተምረውም መልኩን ማየት የማይችል ዓይነ ስውር መናኝ ነው።

ሁለቱንም የዌል ፊልሞች በአንድ ምሽት ተከታትላችሁ እዩአቸው። የመጀመሪያው 70 ደቂቃ ያህል ነው፤ የሐይቁ ትዕይንት ያልተቆረጠበትን ቅጂ ፈልጉ።